የእንጦጦን አየር ላቀዘቅዝ የወጣሁ ለት

ሰው አዳማ ወይ ድሬዳዋ ሆኖ ቢያደርገው ይገባኛል። እኔ ግን ለመኪናዬ ሞተር ቀዝቃዛ አየር ልፈልግለት የተነሳሁት አዲስ አበባ ውስጥ ነው። ያውም መሪ፣ ጠዋት ሹራብ ያልደረበ ሰው ታክሲ ሰልፍ ላይ ጥርሱ በሚንቀጫቀጭበት ሰፈር። ያውም በክረምት መውጫ። ያውም ልወጣው ያሰብኩት ዳገት የእንጦጦ ነው! እንዲህ ያለ ሥራ ያልተማረ ሰው አይሠራም፤ ያልተማረ ሰው ብርድ ብርድ መሆኑን ያውቃል። እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ።

መኪናዬ በእድሜ ትበልጠኛለች። ሦስት ባለቤት አሰልችታ ነው እኔ ዘንድ የደረሰችው። ሜዳ ላይ ደህና ትሄዳለች፤ ዳገት ስታይ ግን ታቃስታለች። ከሾላ ወደ ላይ ባለችው ትንሽ አቀበት እንኳ ሚኒባስ ሲያልፈን ወያላው በመስኮት ብቅ ብሎ "አይዞሽ እናቴ!" ይላታል። እኔን አይደለም፣ እሷን። እኔን የሚያየኝ እንኳ የለም።

ኮተቤ ወዳለው መካኒኬ ወሰድኳት። ኮፈኑን ከፈተ፣ አዳመጠ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገ። "መምህር፣ አርጅታለች። ይኼው ነው" አለኝ። ደስ አላለኝም። እኔ አሥራ ስድስት ዓመት ተምሬ "አርጅታለች" የሚል መልስ ልቀበል? ማታ ስልኬን ከፈትኩና ቪዲዮ ማየት ጀመርኩ። አንድ ከነቴራ የለበሰ ፈረንጅ፣ ፀሐይ በሚፋጅበት አገር ቆሞ፣ ሞተር ከኮፈን ሥር የሚተነፍሰው የጋለ አየር ስለሆነ ይደክማል፣ ከውጭ ቀዝቃዛ አየር በቱቦ ብታመጣለት ጉልበት ያገኛል ይላል። እውነቱን ነው። ቀዝቃዛ አየር ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ እኔው ራሴ አስተምረዋለሁ። እንጦጦ ላይ አየሩ የሳሳው ቦታው ከፍ ስላለ መሆኑን፣ እሱን ደግሞ ምንም ዓይነት ቱቦ እንደማያወርደውም አስተምራለሁ። ለዘጠነኛ ክፍል። በየዓመቱ። ያቺን ትምህርት የዚያን ለታ የት እንዳስቀመጥኳት እንጃ።

በማግስቱ ሾላ ገበያ ወርጄ የሽንት ቤት ፍሳሽ የሚወርድበትን ዓይነት የፕላስቲክ ቱቦ ገዛሁ፤ ማጠፊያውን ጎሚቶም ሁለት ጨመርኩ። ሻጩ "ስንተኛ ፎቅ ነው?" ሲለኝ "ለመኪና ነው" አልኩት። ትንሽ አየኝና "ሽንት ቤት አላት?" አለ። ስቄ አለፍኩ። ታላላቅ ሰዎች መጀመሪያ ይሳቅባቸዋል ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ ትንንሾቹም እንደዚያው እንደሚሳቅባቸው አላሰብኩም።

ፋብሪካው ያበጀላትን ማስተንፈሻ ነቅዬ ጓዳ ወረወርኩ። ቱቦውን ከአየር ማጣሪያዋ አስነስቼ፣ በባትሪው አጠገብ አዙሬ፣ አፉን በፊተኛው ፍርግርግ በኩል አንድ ስንዝር አውጥቼ አቆምኩት። የዘይት ቆርቆሮ ጠፍጥፌ ከሞተሩ የሚመጣውን ሙቀት እንዲመክት በመሀል ሰካሁበት። ቱቦውን ምግብ በሚጠቀለልበት ብርማ ወረቀት ጠቀለልኩት። በላዩ ላይ ደግሞ ጆንያ ጠምጥሜ ውሃ አርከፈከፍኩበት። የኮንዶሚኒየሙ ሰው ሁሉ በረንዳ ላይ ወጥቶ ያየኛል። አንዷ ጎረቤት ከሦስተኛ ፎቅ ቁልቁል "ምነው፣ ተጎድታ ነው የምታስራት?" አለችኝ።

ሳይንስ ያለ ልኬት አይሆንም። ስለዚህ እማዬ ትኩሳቷን የምትለካበትን የፕላስቲክ ቴርሞሜትር ሰርቄ ኮፈኑ ሥር አሰርኩት። ከመሪ መገናኛ ደርሼ ስመለስ እንደ ጧፍ ቀልጦ ታጥፏል። እማዬ ይዛው ወደ መስኮት ወሰደችው፣ አገላብጣ አየችውና "ታዲያ ስንት አላት?" አለች። ከምሯ ነው የጠየቀችው። እማዬ እኔ የምሠራው ነገር ሁሉ ከምር ይመስላታል፤ ዕዳዬም ይኼው ነው።

የሚገርመው፣ ለውጥ ያየሁ መሰለኝ። ቱቦው ሲተነፍስ ፉጨት ስለሚያሰማ ጉልበት ጨመረች አልኩ። ድምፅ የጨመረ ሁሉ ጉልበት የጨመረ የሚመስለው ሰው አገራችን ውስጥ ብዙ ነው፤ እኔ ብቻ አይደለሁም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በዚያው ሰሞን የማገባት ልጅ ነበረች፤ እዚያው ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ የምታስተምር። ወላጆቿ ቤታቸው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ነው፤ ጉራራን አልፎ፣ መንገዱ ወደ እንጦጦ ባሕር ዛፍ ሽቅብ በሚቆምበት ቦታ። አባቷ ዕድሜ ልካቸውን ተሳቢ መኪና የነዱ ጡረተኛ ናቸው። ሽማግሌዎቼን መጀመሪያ ልኬ ነበር። እንደ ወጉ "እንመካከርበት" ተብለው ተመለሱ፤ ግን አንድ ሰዓት አርፍደው ነበርና አባቷ በሩ ላይ "ሁለተኛ ካረፈዳችሁ ምክክሩን እዚያው ቤታችሁ ታደርጉታላችሁ" ብለዋቸዋል። ልጅቷ በግልጽ ነግራኛለች፦ "አባቴ አንዴ እምቢ ካለ አለቀ። እኔ ደግሞ አባቴን አስለቅሼ አላገባም።" የመልሱ ቀን በመስከረም አንድ እሑድ ሆነ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት። እዚያች ዳገት ላይ የሚወጣው ሦስት ሽማግሌ አልነበረም፤ የኔ ዕድሜ ነው።

መቼም ብልህ ሰው ታክሲ ይኮናተራል። እኔ ግን ቱቦ ነበረኝ። ዳገቱን በፉጨት የምትወጣ መኪና እያለችኝ! ችግሩ፣ አግቢው ልጅ ከሽማግሌዎቹ ጋር አይታይም፤ ነውር ነው። መኪናዋን ደግሞ ከእኔ በቀር አስነስቶ የሚነዳት የለም። ስለዚህ ከቤታቸው በታች ካለው መታጠፊያ አድርሻቸው እኔ እዚያው እንድደበቅ፣ እነሱ ቀሪውን በእግር እንዲወጡ ተስማማን።

እሑድ ጠዋት ስወርድ መኪናዋ ሙሽራ ሆናለች። እማዬ ንጋት ላይ ተነስታ አደይ አበባና ለምለም ሣር በመጥረጊያዋ፣ በመስተዋቷ፣ በፍርግርጓ ሁሉ ሰክታለች። ለምርቃት ነው፤ በመስከረም የሚወጣ መኪና ያለ አበባ አይወጣም፣ ለዚያውም ለሽምግልና። መኪናዋ ፊት ላይ በተለይ አንድ ትልቅ እቅፍ ቢጫ አበባ ቁጭ ብሏል። አየሁት። በዐይኔ በብረቱ አየሁት። "አማረ፣ እማዬ" ብዬ ሳምኳት። ልብ ካላየ ዐይን አያይም ማለት እንግዲህ ይህ ነው።

ሽማግሌዎቹ ገቡ፦ የእማዬ ወንድም የሆነው አጎቴ ከፊት፤ ከኋላ ሾላ በርበሬና ቅመም የሚነግዱት ጎረቤታችን ሐጂና ዝምተኛው የትምህርት ቤታችን ምክትል ርዕሰ መምህር። እስከ መገናኛ ደህና ሄድን። ሾላ ላይ ትንሽ ሳል ቢጤ አላት። ፈረንሳይ ስንደርስ የፉጨቱ ድምፅ ጠፋ። "ዝም አለች" አለ አጎቴ። "ሲቀዘቅዝላት ነው" አልኩት፣ ከነሙሉ ልቤ።

ጉራራን እንዳለፍን ዳገቱ ጀመረ። ቤንዚን ረገጥኩ፤ አትሰማም። አጥብቄ ረገጥኩ፤ ከኋላ ጥቁር ጭስ ለቀቀች። በአንደኛ ማርሽ እየተንፈራፈረች፣ እየተንፈራፈረች፣ እኔ ልደበቅባት ያሰብኳትን መታጠፊያ ጭራሽ አለፈችና ከአባቷ በር ሃምሳ እርምጃ ያህል ሲቀራት ጸጥ አለች። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፤ ሐጂ በዚያ እድሜያቸው ዘለው ወርደው ከጎማው ሥር ድንጋይ አደረጉ። ሰዓቱ ለአራት አሥር ጉዳይ ነው።

ከዚያማ ሁሉም ሊቅ ሆነ። ኮፈኑን ከፈትን። "ሞቃ ነው" አለ አጎቴ። "ሞቃ ነው" አልኩ እኔም። ለመጠጥ የያዝነውን ውሃ በሙሉ ጆንያው ላይ አፈሰስን። ሐጂ ጋቢያቸውን አውልቀው ያራግቡባት ጀመር፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ የጋቢውን ጫፍ መልሶ ፊታቸው ላይ ያለብሳቸዋል። አራት ትልልቅ ሰዎች፣ ሁላችንም በብርድ እየተንቀጠቀጥን፣ ሞተር እናበርዳለን። ከቱቦው አፍ ላይ ያለው አበባ ከጠዋቱ መቀነሱን ልብ ያለ ማንም የለም።

"ቃጠሎ ነው?" አለ አንድ ድምፅ ከበላያችን።

አባቷ ናቸው። ጭሱን አይተው በሩን ከፍተው ወርደዋል፤ ልጃቸው ደግሞ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። ሁላችንም ደነገጥን። አጎቴ ነውሩን ሊሸፍን ብሎ ቶሎ "ሹፌራችን ነው!" አላቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እኔም ያቺን ሹፌርነት እንደ ጃንጥላ ዘርግቼ ሥሯ ገባሁ።

አባቷ ኮፈኑ ሥር አንገታቸውን አስገቡ። ብርማውን ወረቀት በጣታቸው ነካ አደረጉ። ጆንያውን ጨመቁት። ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን የዘይት ማስታወቂያ አነበቡ።

"ይሄን ማነው የሠራው?" አሉኝ።

"የመኪናዋ ባለቤት።"

"ባለቤቷ ማነው?"

"ልጁ... ያው፣ አግቢው።"

"አንተስ?"

"እኔ መንዳት ብቻ ነው።"

"እህ" አሉ። "እኔ ሚሌን በቀትር አቋርጫለሁ፣ ከነተሳቢው። እዚያ አየሩ ራሱ ይጋገራል። ሞተሬ አንድ ቀን ሞቀኝ ብሎኝ አያውቅም። እንጦጦ ላይ ነው የሚሞቀው?" እጃቸውን በፍርግርጉ በኩል ወደ ቱቦው አፍ ሰደዱና መጎተት ጀመሩ። አበባ ወጣ። ሌላ አበባ ወጣ። ሣር ወጣ። እንደገና ሣር። መኪናዋ እንደ በግ ስትግጥ ነው የመጣችው! እማዬ ያን የመሰለውን እቅፍ አበባ የሰካችው ቱቦው ውስጥ ኖሯል፤ መንገዱን ሙሉ እየሳበች ስትውጠው ቆይታ ዳገቱ ላይ አነቃት። ሙቀት የለ፣ ምን የለ። አየር አጥታ ነው።

አባቷ የረጠበውን ጉንጉን ፊቴ ላይ ከፍ አደረጉት። "ይሄንስ?"

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይቻል ነበር። አልተቻለኝም። "እናቱ ናቸው" አልኩ። "የልጁ እናት። ያው... እድሜ ነው መቼም።"

ከኋላዬ ሐጂ "አስተግፊሩላህ" ሲሉ ሰማሁ። ዶሮ መጮኹ ብቻ ነው የቀረው። እናቴን፣ ንጋት ላይ በጤዛ እግሯ እየራሰ አበባ የቀጠፈችልኝን እናቴን፣ "የልጁ እናት" አልኳት። አንቱም አልኳት። በሕይወቴ አንቱ ብያት አላውቅም።

"አስነሳ" አሉኝ አባቷ። አስነሳሁ፤ በአንዴ ተነሳች። ሽማግሌዎቹን "ግቡ፣ ሰዓታችሁ ደርሷል" ብለው አስቀድመው ወሰዷቸው። እኔን ዞር ብለው "አንተ መኪናህን ጠብቅ" አሉኝ።

ጠበቅኩ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ልጅቷ በትሪ ምሳ ይዛ መጣች። ፊቷ ላይ ምንም የለም። "ሹፌር፣ ምሳዎ" አለችኝ።

"እባክሽ" አልኳት።

"አባቴ ነው የላከኝ። 'ሹፌሩ በብርድ እንዳይጎዳ፣ ግን ብርድ የሚወድ ነው የሚመስለው' ብሏል።"

"ምን እየተባለ ነው ውስጥ?"

"አጎትህ ልጃችን ውሸት አያውቅም እያሉ ነው።" ትሪውን ኮፈኑ ላይ አስቀመጠችው። "ፎቶህን ለአባቴ ካሳየሁት ሁለት ሳምንት ሆነው። ስልኬን ተቀብሎ በጣቱ አጉልቶ፣ አፍንጫህን ሳይቀር አይቶታል።"

መሬት አልተከፈተችልኝም። "ምን ላድርግ ታዲያ? ባህሉ መታየት አይፈቅድም" አልኳት።

"እናትን መካድስ የየት አገር ባህል ነው?" አለችኝና ተመልሳ ሄደች። ምሳው ጥሩ ወጥ ነበር። እስኪቀዘቅዝ አየሁት።

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ አንዳቸውም አላዩኝም። መኪናዋ ቁልቁለቱን ስትወርድ፣ አጎቴ መስታወቱን እያየ የአባቷን መልስ ቃል በቃል ነገረኝ፦ "ልጃችሁን ሰምቻለሁ። ሹፌራችሁን ግን አይቻለሁ። ለሚመጣው እሑድ ልጁ ራሱ ይምጣ፤ ሹፌሩን ቤት ይተወው። ያችን ቱቦም ይዞ ይምጣ። መልሴን ያኔ እሰጣለሁ።" መሪ ደረስን። ሐጂ ሲወርዱ በሩን ይዘው "በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች። በቅሎ እንኳ በእናቷ ትኮራለች፣ መምህር" አሉኝ።

አጎቴ መቼ ደውሎ እንደነገራት አላውቅም፤ እኔ ደረጃውን ወጥቼ ስገባ እማዬ ሰምታለች። ምስር ትለቅማለች። እንድትጮህብኝ ቆሜ ጠበቅኩ። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

"አበባው ነው ያቆማት?" አለች፣ ቀና ሳትል።

"አዎ።"

"ቱቦው አፉን ከፍቶ ሳየው፣ የአበባ ማስቀመጫ ያበጀህላት መስሎኝ ነው። ለእሑዱ ብለህ።" አንድ ጠጠር ለቅማ ወደ ጎን ጣለች። "እድሜ ነው መቼም።"

ያን ሳምንት እንዴት እንዳስተማርኩ አላስታውስም። አፈርኩ። ክፍል ውስጥ ስለ ግፊት እያወራሁ አፍራለሁ፣ ስተኛ አፍራለሁ። ቅዳሜ ቱቦውን ነቅዬ የመኪናዋን የድሮ ማስተንፈሻ መለስኩላት፤ እንደ ድሮዋ፣ ሳትብስም ሳትሻልም ሄደች። መካኒኩ አንድ ቃል ነበር የተናገረው፤ እሱም ትክክል ነበር።

እሑድ ጠዋት ቱቦውን ከነብርማ ወረቀቱ ታቅፌ ስወጣ እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ በሩ ላይ ቆማለች። "እኔም እሄዳለሁ" አለች።

"እማዬ፣ ባህሉ..."

"ባህሉን ተወው። ቱቦህን ያዝ።"

በሚኒባስ ሄድን። ቱቦው ጉልበቴ ላይ አልሆን ብሎ በሰው ጭንቅላት ላይ ተጋድሟል። ወያላው "መምህር፣ ምን ሊያፈስሱበት ነው?" ይላል፤ ለካ የኛው ትምህርት ቤት ተማሪ ነበር። ታክሲው ሙሉ ሳቀ። እማዬም ሳቀች፤ ያቺን ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ። ከጉራራ በኋላ ያለውን ዳገት በእግራችን ወጣነው። እሷ መንገድ ዳር አደይ ትቀጥፋለች፤ እኔ ቱቦ ተሸክሜ እከተላለሁ።

የልጅቷ አባት በር ላይ ነበሩ። ሰዓታቸውን አዩ። ቱቦውን አዩ።

"ይሄን ማነው የሠራው?"

"እኔ ነኝ።"

"አበባውንስ?"

"እናቴ ናት። እቺው፣ እናቴ።"

"ሹፌሩስ?"

"እሱም እኔ ነበርኩ።"

ወደ እማዬ ዞሩና በአክብሮት ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ። ከዚያ በአገጫቸው ወደ እኔ ጠቆሙ። "እመቤት፣ ይሄን ሰውዬ ያውቁታል?"

እማዬ ከጫማዬ ጀምራ እስከ ፀጉሬ አየችኝ። መልሳ ደግሞ እስከ ጫማዬ ወረደች። ከበስተጀርባቸው ልጅቷ መዳፏን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። ነፋሱ ከባሕር ዛፉ ውስጥ እየመጣ ይጋረፋል፤ እኔ ግን ጀርባዬ በላብ ራሰ። እንጦጦ ላይ የሚሞቀው አንድ ነገር ብቻ ኖሯል፤ እሱም እኔ ነኝ። አላውቀውም ብትል ምን እላለሁ? እውነቷን አይደለም እንዴ!

"ልጄ ነው" አለች እማዬ በመጨረሻ። "ከነቱቦው።"

አባቷ ሁለቱንም የበሩን ክንፍ ከፈቱልን፤ ቱቦው ረጅም ነበር።